የእናት ዛፉ ጣዕም እንዳይጠፋ፦ ብርቅ ፍራፍሬን በጓሮ ማልማትና ማዳቀል

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዩኒየኑና የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የማዳበሪያ አቅርቦት፣ የምርጥ ዘርና የእህል ገበያ ጉዳይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ጥቂት ደቂቃ ለጓሮ ይሰጥ። ከቤት ጀርባ፣ ከጌሾውና ከጎመኑ አጠገብ አንድ ሁለት የፍራፍሬ ዛፍ የሌለው የወይና ደጋ ቤት ጥቂት ነው። ከእነዚህ ዛፎች አንዳንዶቹ በገበያ እንደ ልብ የማይገኙ፣ አባት ወይም አያት የተከሏቸው ብርቅ ዛፎች ናቸው። ካዝሚር አለ፤ ጊሽጣ አለ፤ ዘሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ግን ቅቤ የሚመስል አቮካዶ አለ። እነዚህ ዛፎች እያረጁ ነው። ሲሞቱ የሚተካቸው የለም። የዚህ ንግግር ዓላማም ዛፎቹ ሳይሞቱ እንዴት ማባዛት እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

አንድ ዛፍና አንድ ቤተሰብ

በደቡብ ወሎ ወይና ደጋ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በጓሯቸው አንድ ትልቅ የካዝሚር ዛፍ ነበራቸው። ዛፉን የተከሉት አባታቸው ናቸው። ፍሬው እንደ ብርቱካን የከበደ፣ ልጣጩ ስስ፣ ውስጡ ነጭና እንደ ክሬም የለሰለሰ ነበር። ሲደርስ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አጥሩ ሥር ይሰለፉ ነበር። ከተማ የሚያደርሱ ነጋዴዎችም ገና በዛፉ ላይ እያለ ይዋዋሉበት ነበር።

አዛውንቱ ዛፉን ለማባዛት ያልሞከሩት ነገር የለም። ጥሩ ጥሩውን ፍሬ እየመረጡ ዘሩን በአጥሩ ዙሪያ ተከሉ። ሦስቱ አደጉ። ስምንት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ግን አንደኛው የእንቁላል አስኳል የሚያህል መራራ ፍሬ አፈራ። ሁለተኛው በየዓመቱ ያብባል፣ አበባው ረግፎ ይቀራል። ሦስተኛው እስከዚያ ጊዜ ድረስ ቅጠል ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል ዋናውን ዛፍ ምስጥ ገባበት። ግንዱ ውስጡ ባዶ ሆኖ ወደ ቤቱ ጣሪያ ማዘንበል ጀመረ። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት መቆረጥ እንዳለበት ጎረቤቱ ሁሉ ተስማማ። አዛውንቱም «ግንዱስ ለማገዶ ይሆናል፤ ጣዕሙ ግን አብሮት ይቀበራል» ብለው አዘኑ።

የመጨረሻ ልጃቸው በቀበሌው የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ለሦስት ቀን የአቮካዶ ማዳቀል ሥልጠና ወስዳ ነበር። ከሥልጠናው በኋላም የካዝሚሩን ዘር በፖሊቲን ከረጢት ዘርታ ሠላሳ ያህል ችግኝ አሳድጋለች።

«አባባ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ቀንበጥ ልውሰድለት» አለቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ለደከመ ዛፍ ደግሞ ቢላዋ ልትጨምሪበት ነው?»

«ቢላዋው እንዲተርፍ ነው እንጂ እንዲሞትማ አይደለም፣ አባባ።»

እሳቸውም ጥቂት አስበው ፈቀዱ። የሆነው ነገር ወደ ኋላ ይነገራል። አስቀድሞ ግን አዛውንቱ ስምንት ዓመት የጠበቁት ለምን ሳይሳካ እንደቀረ መረዳት ያስፈልጋል።

ዘር ለምን እናቱን አይመስልም?

የፍራፍሬ ዘር የሚፈጠረው ከሁለት ወገን ነው። እናቲቱ ዛፍ አበባዋን ታቀርባለች፤ የአበባው ዱቄት ግን በንብ፣ በዝንብ ወይም በጥንዚዛ ከሌላ ዛፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከዘሩ የሚበቅለው ዛፍ እንደ ሰው ልጅ ነው፤ ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል፣ ሁለቱንም ላይመስል ይችላል። ከመቶ የአቮካዶ ዘር መቶ ዓይነት አቮካዶ ይወጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ውሃ የበዛበት፣ አንዱ ጭረት የሞላበት ይሆናል። ገዢ በአንድ ጆንያ ውስጥ አሥር ዓይነት አቮካዶ አይቶ ዋጋ የሚሰብረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ከዘር የበቀለ ካዝሚር ፍሬ ለመስጠት 7 ወይም 8 ዓመት ይፈልጋል። የተዳቀለው ግን በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ማፍራት ይጀምራል። ምክንያቱም ቀንበጡ የተቆረጠው አፍርቶ ከሚያውቅ ዛፍ ነው። ሥሩ ሕፃን ቢሆንም አናቱ አዋቂ ነው።

ማዳቀል ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ አንድ የቃል ችግር አለ። አርሶ አደሩ ማዳቀል ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ላም ነው። የአገር ውስጥ ላም ከውጭ ዝርያ ኮርማ ጋር ስትዳቀል የሁለቱ ደም ይቀላቀላል፤ ጥጃዋም የሁለቱም ትሆናለች። በፍራፍሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በባለሙያ ቋንቋ ግራፍቲንግ የሚባለው የፍራፍሬ ማዳቀል ደም አይቀላቅልም። ሁለት ዛፎችን አካል ለአካል ማጣበቅ ነው። ከታች ያለው ሥረ ግንድ ውሃና ምግብ ያቀብላል። ከላይ የሚቀጠለው ቀንበጥ፣ ማለትም ሳዮኑ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ፍሬ ይሆናል። ፍሬው ሙሉ በሙሉ የላይኛው ነው። ሥሩ መራራ ካዝሚር ቢሆንም ላዩ ጣፋጭ ከሆነ የሚለቀመው ጣፋጭ ነው።

ይህ በደንብ ከተያዘ ቀሪው ሥራ ቀላል ነው። የሚቆረጠው ቀንበጥ የእናቲቱ ዛፍ ልጅ አይደለም፤ ራሷ ናት፣ በሌላ ሥር ላይ የቆመች።

የፖስተኛው አቮካዶ

ይህን የሚያስረዳ በዓለም የታወቀ ታሪክ አለ። ዛሬ በገበያ በብዛት የሚፈለገው፣ ሲበስል ቆዳው የሚጠቁረው አቮካዶ ሀስ ይባላል። ስሙ የሰው ስም ነው። ሩዶልፍ ሀስ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነበር። በላ ሀብራ ሃይትስ ትንሽ መሬት ገዝቶ አቮካዶ ተከለ። ፍላጎቱ በዘር ባበቀላቸው ችግኞች ላይ በወቅቱ ታዋቂ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ ማዳቀል ነበር። አንዷ ችግኝ ግን ማዳቀሉን አልቀበል አለች። ሊቆርጣት አስቦ ተወው። ችግኟ አድጋ ስታፈራ ልጆቹ ፍሬዋን ከፉዌርቴ አስበልጠው ወደዱት። ሀስም እ.ኤ.አ. በ1935 ዝርያውን በስሙ አስመዘገበ።

ይሁንና ሀስ ከዚህ ያገኘው ገንዘብ ትንሽ ነበር። አትክልተኞች አንድ ዛፍ ከገዙ በኋላ ከእሱ ቀንበጥ እየቆረጡ ራሳቸው ያባዙ ነበርና። ሀስ እ.ኤ.አ. በ1952 ሞተ። የመጀመሪያዋ ዛፍም በሥር መበስበስ በሽታ ደርቃ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቆረጠች። ዛሬ ግን በየአገሩ ያለው የሀስ ዛፍ ሁሉ፣ በኢትዮጵያ የሚተከለውን ጨምሮ፣ የዚያች አንዲት ዛፍ አካል ነው። እናቲቱ ከሞተች በኋላም ጣዕሟ አልጠፋም።

በአገራችን አቮካዶ እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት በግል አልሚዎች እንደገባ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የተስፋፋው በአብዛኛው በዘር ነው። ከጓሮ ጓሮ የአቮካዶው ዓይነት የሚለያየውም ለዚህ ነው። በኋላ ግን በመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ሀስ፣ ኤቲንገር፣ ፉዌርቴ፣ ናባል፣ ፒንከርተንና ቤከን ያሉ ዝርያዎች ተሞክረው ለአርሶ አደሩ በተዳቀለ ችግኝ መሠራጨት ጀምረዋል። አቮካዶ ላይ የተለመደው ሙያ ለካዝሚርም ለጊሽጣም ይሠራል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ሥረ ግንድ ማዘጋጀት ነው። ዘሩ ከበሰለ ፍሬ ወጥቶ ይታጠባል፣ ሳይደርቅም ይዘራል። የካዝሚርም የአቮካዶም ዘር ብዙ ከቆየ አይበቅልም። የአቮካዶ ዘር ሰፊው ጎኑ ወደ ታች፣ ሾጣጣው ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል። ከረጢቱ ለም አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ተደባልቆ ይሞላበታል፤ ከሥሩም ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይበሳል። ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሲይዝ ለማዳቀል ደረሰ ማለት ነው። ካዝሚር የብርቱካንና የሎሚ ቤተሰብ ቢሆንም የሚመከረው በራሱ በካዝሚር ሥረ ግንድ ላይ ነው። ጊሽጣም በጊሽጣ ላይ።

ሁለተኛ፣ ሳዮን መምረጥ ነው። ሳዮን የሚቆረጠው ቢያንስ ለሁለት ሦስት ዓመት ፍሬው ከታየ፣ ጤነኛ ከሆነ ዛፍ ብቻ ነው። ቀንበጡ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ለጋም ያልሆነ ያልጠነከረም፣ ጫፉ ላይ ያለው ዓይን ያበጠ ግን ያልፈነዳ ይሁን። ለካዝሚር ደግሞ የታወቀ ብልሃት አለ፤ ሳዮን የሚሆነው ቅርንጫፍ ከጥቂት ወራት በፊት ቅርፊቱ በጠባቡ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይላጣል። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ታች መውረድ ስለማይችል በቀንበጡ ውስጥ ይከማቻል፤ ይህም ለማጣበቅ ኃይል ይሆነዋል።

ሦስተኛ፣ አቆራረጥ ነው። ሳዮን በማለዳ ይቆረጣል። ቅጠሎቹ ወዲያው ይወገዳሉ፤ ከቅጠሉ እጀታ ጥቂት ብቻ ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጥና በዚያው ቀን ይዳቀላል። ቢላዋው ወይም ምላጩ ስለታምና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላ ዛፍ ሲታለፍም በአልኮል ወይም በውሃ በቀጠነ በረኪና ይጸዳል።

አራተኛ፣ ማጣበቅ ነው። ሥረ ግንዱ ከአፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ከቁራጩ በታች ጥቂት ቅጠል ቢቀርለት ጥሩ ነው። ከዚያ መሐሉ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይሰነጠቃል። ሳዮኑ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት ታችኛው ጫፉ ከሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ይቀረጻል፤ በአንድ ቁርጥ እንጂ እንደ ማላገጫ እየተፋቀ አይደለም። ከዚያ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከሥረ ግንዱ አረንጓዴ ሽፋን ጋር መገናኘት አለበት። የሚጣበቀው እንጨት ከእንጨት ጋር ሳይሆን ይህ አረንጓዴው ክፍል ነው። ውፍረታቸው ካልተመጣጠነ ቢያንስ በአንድ ወገን ይግጠም።

አምስተኛ፣ ማሰርና መጠበቅ ነው። ማጣበቂያው በፕላስቲክ ቁራጭ ከታች ወደ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ውሃ እንዳይገባበት፣ አየርም እንዳያደርቀው። ከላይ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ይለብሳል። ችግኙ በጥላ ሥር ይቀመጣል። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ዓይኑ ይፈነዳል። ከረጢቱ የሚወጣው ዓይኑ ፈንድቶ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ነው። ከማጣበቂያው በታች የሚያቆጠቁጥ ሁሉ በየጊዜው ይወገዳል። ይህ ካልተደረገ ሥረ ግንዱ ራሱ አድጎ ሳዮኑን ይቀብረዋል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው መልሶ መራራውን ዛፍ ያሳድጋል።

ስድስተኛ፣ መትከል ነው። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት ይኑረው። የላይኛው አፈር ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ይመለስበታል። የማጣበቂያው ጠባሳ ፈጽሞ በአፈር መቀበር የለበትም። ካዝሚር ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ሥሩም ኃይለኛ ስለሆነ ከቤት፣ ከጉድጓድና ከአጥር ይራቅ። አቮካዶ ደግሞ ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ አይተከል። የሀስን እናት ዛፍ የገደለው የሥር መበስበስ በሽታ እርጥብና ውሃ የማያስተላልፍ አፈር ይወዳል።

አብቦ የማያፈራ ዛፍ

ብዙ አርሶ አደሮች «ዛፌ መካን ነው» ብለው ይቆርጣሉ። ብዙውን ጊዜ ዛፉ መካን አይደለም፤ አጣማጅ አጥቶ ነው።

የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በማግሥቱ ደግሞ እንደ ወንድ። ሀስን የመሰሉት ዝርያዎች መጀመሪያ ጠዋት በሴትነት ተከፍተው ይዘጋሉ፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በወንድነት ይከፈታሉ። ኤቲንገርና ፉዌርቴን የመሰሉት ግን ከሰዓት በኋላ በሴትነት፣ በማግሥቱ ጠዋት በወንድነት ይከፈታሉ። ስለዚህ የአንዱ ወንድ ለሌላው ሴት ይደርሳል። በጓሮ ለሁለት ዛፍ ቦታ ካለ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ መትከል ምርቱን ይጨምራል። ቦታ ከሌለ በአንዱ ዛፍ ላይ የሌላውን ዓይነት አንድ ቅርንጫፍ ማዳቀል፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ መትከል ይቻላል። ንብ ቀፎ አጠገብ ቢኖር ደግሞ ይመረጣል።

ካዝሚርም እንዲሁ ነው። የአንዳንዱ ዛፍ የአበባ ዱቄት ፍሬ ለማስያዝ አቅም የለውም፤ አጠገቡ ሌላ የካዝሚር ዛፍ ያስፈልገዋል። የአዛውንቱ ሁለተኛ ዛፍ አብቦ የሚያረግፈው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጊሽጣ ደግሞ የሰው እጅ ይወዳል። አበባው መጀመሪያ ሴት፣ በኋላ ወንድ ነው። ሥራውን በተፈጥሮ የሚሠሩት ትናንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ እነሱ በቂ ካልሆኑ ፍሬው ጥቂት ወይም ጎባጣ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ በደንብ ከተከፈቱ አበቦች ዱቄቱ በወረቀት ላይ ይሰበሰባል። በማግሥቱ ማለዳ ገና በከፊል በተከፈቱት አበቦች ውስጥ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባል። ይህን ሥራ ልጆች ከትምህርት ቤት በፊት ሊሠሩት ይችላሉ።

ስለ ካዝሚር ፍሬ አንድ ማሳሰቢያ። ፍሬው በዛፉ ላይ ፈጽሞ ከለሰለሰ ሲወድቅ ይፈርጣል፣ የተቀጠቀጠውም ቦታ ይመራል። ስለዚህ ገና ጠንከር እንዳለ ከነ አጭር እጀታው በእጅ ይለቀማል፣ ቤት ውስጥ ይበስላል። ዘሩ ግን መርዛማነት ስላለው ልጆች እንዳያኝኩት፣ ለከብትም እንዳይሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከቀንበጥ ጋር የሚመጣ ጠላት

ማዳቀል መልካሙን ጣዕም እንደሚያሻግር ሁሉ በሽታንም ያሻግራል። የማንጎ ነጭ ስኬል የተባለው ተባይ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተዛምቷል። ተባዩ ከቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጣል፤ ሴቷ ነጭ ነጠብጣብ ትመስላለች። እንዲህ ያለው ተባይ በችግኝና በሳዮን ላይ ተጣብቆ ከአካባቢ ወደ አካባቢ ይጓዛል። ግሪኒንግ የሚባለው የብርቱካን በሽታም ከታመመ ዛፍ በተቆረጠ ቀንበጥ ይተላለፋል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ቀንበጥ፣ የቱንም ያህል ጣፋጭ ፍሬ ቢኖረው፣ በባለሙያ ሳይታይ ወደ ጓሮ መግባት የለበትም።

ሌላው ጠላት ሐሰት ነው። «የተዳቀለ ነው» ተብሎ የተሸጠ ችግኝ ተክለው አምስት ዓመት ጠብቀው ያልተዳቀለ ሆኖ የተገኘባቸው አባላት አሉ። የጠፋው የችግኙ ዋጋ ብቻ አይደለም። መሬቱ፣ ውሃው፣ ድካሙና አምስት ዓመቱ አብሮ ጠፍቷል። ችግኝ ሲገዛ ግንዱን ማየት ያስፈልጋል። በእርግጥ የተዳቀለ ከሆነ ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ላይ የሽብልቅ ጠባሳ ይታያል፤ ከጠባሳው በላይና በታች ያለው ቅርፊትም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ያለና ጠባሳ የሌለው ከሆነ ከዘር የበቀለ ነው። ጠባሳው ግን መዳቀሉን እንጂ ሳዮኑ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ አይናገርም። ይህን የሚናገረው መዝገብ ብቻ ነው።

ከዩኒየኑና ከመንግሥት አካላት የሚጠበቅ

ስለዚህ አንድ አርሶ አደር ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ነገር አለ። ኅብረት ሥራ የተፈጠረው ደግሞ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው የእናት ዛፍ መዝገብ ነው። በየቀበሌው ያሉ ምርጥ የካዝሚር፣ የጊሽጣና የአቮካዶ ዛፎች በባለቤታቸው ስም ቢመዘገቡ፣ ፍሬያቸው ቢታይ፣ ጤንነታቸው በባለሙያ ቢረጋገጥ፣ ሳዮን የሚቆረጠው ከእነዚህ ብቻ ይሆናል። ባለቤቱም ለሰጠው ቀንበጥ ተገቢው ክፍያ ቢያገኝ ዛፉን ለማገዶ አይቆርጠውም።

ሁለተኛው የችግኝ ጣቢያ ነው። በጋሞ ደጋ በጨንቻ፣ ሚስዮናውያን ያስገቡትን አፕል አርሶ አደሮች ማዳቀል ተምረው ችግኙን ለሌሎች ደጋማ አካባቢዎች በመሸጥ ይታወቃሉ። በወይና ደጋም ሙያ ያላቸው ወጣቶች ተደራጅተው በዩኒየኑ ስም፣ በዩኒየኑ መለያ ወረቀት ችግኝ ቢያቀርቡ ሥራም ይፈጠራል፣ አባሉም አይታለልም። በመለያው ላይ የፍሬው ዓይነት፣ የእናት ዛፉ ቁጥርና የተዳቀለበት ቀን ቢጻፍ በቂ ነው።

ሦስተኛው የሥልጠናው ጉዳይ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ጅማሬ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ሠልጣኙ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምላጭና ፕላስቲክ ይዞ፣ ለሙከራ የሚሆን ችግኝም ኖሮት መሄድ አለበት። ቢላዋ ያልያዘ እጅ የተማረውን በአንድ ክረምት ይረሳል። የተዳቀለ ችግኝ ሪፖርት ሲደረግም የተሠራጨው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለው ቁጥር ቢጠየቅ ጥሩ ነው። በወረቀት ላይ የሚያድግ ዛፍ አያፈራምና።

ያረጀ ግን ግንዱ ጤነኛ የሆነ ዛፍ ያለው አባልም መንቀል አያስፈልገውም። ዝናብ በማይበዛበት ጊዜ ግንዱን ከፍ አድርጎ ቆርጦ፣ ለምግብ ማቀበያ አንድ ቅርንጫፍ ትቶ፣ በቅርፊቱ ሥር የተመረጠ ሳዮን ማስገባት ይቻላል። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ግንዱ ኖራ ይቀባል። ሥሩ ዝግጁ ስለሆነ እንዲህ ያለው ዛፍ ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ያፈራል።

የአዛውንቱ ዛፍ መጨረሻ

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ልጂቱ በጥቅምት ሃያ ችግኝ አዳቀለች። የያዙት አራት ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም ፍየል በላቸው። አባቷ ምንም አላሉም። እሷ ግን የደረቁትን አንድ በአንድ ፈትታ አየች። ቀንበጦቹን የቆረጠችው በቀትር ነበር፤ በክፍት ቅርጫትም ይዛቸው ዞራለች። ብዙዎቹ ለጋ ነበሩ። ሁለቱ ተገልብጠው ገብተዋል፤ የተገለበጠ ዓይን ደግሞ አይበቅልም። ሦስቱን ጎረቤት እንዲያዩ በሁለተኛው ሳምንት ከረጢታቸውን አውልቃ ነበር።

በኅዳር ከዛፉ ላይ የተሻሉ ቅርንጫፎች መርጣ ቅርፊታቸውን በቀለበት ላጠች። ለጎደሉትም ሥረ ግንዶች ከጎረቤት ችግኝ ለመነች። በየካቲት በማለዳ ተነሥታ ሃያ አራት አዳቀለች፤ አጥሩንም በእሾህ አጠረች። አሥራ ሰባቱ ያዙ። በግንቦት ዛፉ ሲቆረጥ አዛውንቱ ከቤት አልወጡም። ማታ ግን ወጥተው ችግኞቹ ሥር ተቀመጡ።

ከአሥራ ሰባቱ ሁለቱ በጓሯቸው ተተከሉ። የቀሩትን ልጂቱ ለመሸጥ አስባ ነበር። አባቷ ግን አምስቱን ለአምስት ጎረቤት በነፃ እንድትሰጥ አዘዟት።

«አባባ፣ ነጋዴው ይገዛን የለም ወይ?»

«ይግዛ፣ አሥሩን ይግዛ። አባቴ ዛፉን ለእኔ ብቻ ተከለው፤ ስለዚህ ልንቀብረው ነበር። አምስት ጓሮ ውስጥ ያለ ዛፍ ግን በአንድ ምስጥ አይሞትም።»

በሦስተኛው ዓመት ከሁለቱ ዛፎች አንዱ ዘጠኝ ፍሬ ያዘ። የመጀመሪያው ሲበስል አዛውንቱ ቆርሰው ቀመሱ። ለጊዜው አልተናገሩም። ቀጥሎ ግማሹን ለልጃቸው አቀበሉና «ራሱ ነው» አሉ።

የተከበራችሁ አባላትና እንግዶች፣

በየጓሯችሁ ያለው ብርቅ ዛፍ የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ ከቀረ አንድ ምስጥ፣ አንድ ነፋስ ወይም አንድ መጥረቢያ ይበቃዋል። ዘሩ ደግሞ አይመልሰውም። የሚመልሰው ስለታም ምላጭ፣ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ትዕግሥትና ለጎረቤት ማካፈል ነው። ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ ጓሯችሁ ውስጥ ያለውን አሮጌ ዛፍ እዩት፤ ግንዱን መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጊዜው አጭር ነውና ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ንገሩ።